አሮጌ የጀልባ ሞተርና የመለዋወጫ ንግድ

የመቀሌ ነጋዴ ስለ ጀልባ ሞተር ምን አገባው የሚል አንባቢ አይታጣም። ይሁን እንጂ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ ውኃው በተኛበት ሐይቅ ላይ የዓሣ ማጥመድ ሥራ ስለ ተጀመረ ጉዳዩ የእኛም ሆኗል።

በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ሞተር አሳድሶ ለዓሣ አጥማጅ ሸጦ ነበር። ሞተሩ በሦስተኛው ወር ግሎ ቆመ። ተፈትቶ ቢመረመር፣ ውኃ እየሳበ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የፓምፑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የጎማው ዋጋ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በመደብራችን ግን አልነበረም። ደንበኛችን ሥራው ቆሞበት ከረመ፤ ዳግመኛም ወደ እኛ አልመጣም።

በኖርዌይ የተወለደው ኦሌ ኤቪንሩድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 በአሜሪካ ለገበያ ያቀረበው ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበትና 28 ኪሎ ገደማ ክብደት ነበረው። በስሙ የሚጠራው ሞተር ግን በ2020 መሠራቱ ቀርቷል። ስለዚህ በእጅ ያለውን በጥንቃቄ መያዝ ግድ ነው።

ጎማው በየዓመቱ ይመርመር። ዘይትና ቤንዚን እንደ ሞተሩ ዘመን ይቀላቀል፤ በብዙዎቹ አሮጌዎች 1 እጅ ዘይት ለ24 እጅ ቤንዚን፣ በኋለኞቹ ደግሞ ለ50 እጅ ነው። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ቤንዚኑ ከካርቡራቶሩ ይውጣ።

ሞተር የሚሸጥ ነጋዴም ጎማ፣ ካንዴላና ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ተሰብሮ ማርሹን የሚያድነውን ስፒና አብሮ ያስቀምጥ። ትርፉ በየጊዜው ጥቂት ቢሆንም ደንበኛው አይርቅም።