የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ፦ ታካሚ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

በናይሮቢ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ኢምባካሲ በፋብሪካዎቹና በአውሮፕላን ማረፊያው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአካባቢው ስም ተከፍቶ ዛሬ ጆሞ ኬንያታ የሚባለው ይህ ማረፊያ አበባ በብዛት ይሸኛል። ከሚቀበላቸው ጭነቶች መካከል ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ አለ፤ በቀዝቃዛ ሣጥን ተጭኖ፣ በትንሽ ብልቃጥ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ የሚመጣ የሰው ዓይን ብሌን። ኬንያ ውስጥ ለንቅለ ተከላ የሚውለው ብሌን በአብዛኛው ከውጭ አገር ስለሚመጣ፣ ሎሬሾ ሰፈር በሚገኘው ላይንስ ሳይትፈርስት የዓይን ሆስፒታልን በመሳሰሉ ተቋማት ለሚታከም ሰው የቀዶ ሕክምናው ቀን ከበረራ ጋር ይያያዛል።

እዚህ ላይ ብሌን የምንለው ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉትን፣ ከዓይን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስተዋት የተገጠመውን ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ውፍረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የደም ሥር የለውም። ምግቡን ከእንባና በዓይን ውስጥ ካለው ፈሳሽ፣ ኦክስጅኑን ከአየር ይወስዳል። የደም ሥር አለመኖሩ ብርሃን ያለ እክል እንዲያልፍ ያደርጋል፤ የሰውነት መከላከያም ባዕድ ነገር መግባቱን ቶሎ እንዳይነቃበት ይረዳል። ስለዚህ ለኩላሊት እንደሚደረገው የቅርብ ዘመድ ማፈላለግ አያስፈልግም፤ የደም ዓይነት ማዛመድም በአብዛኛው አይጠየቅም።

ሕክምናው ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ኦሎሞውትስ ከተማ፣ ኖራ ሁለቱንም ዓይኖቹን ላቃጠለበት የቀን ሠራተኛ ብሌን ተከለለት። ለጋሹ በብረት ስባሪ ተጎድቶ ዓይኑ የወጣለት የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ከሁለቱ ተከላዎች አንዱ ከሸፈ፤ አንዱ ግን ጥርት ብሎ ቀረ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1930ዎቹ ደግሞ በኦዴሳ ቭላዲሚር ፊላቶቭ ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ብሌን እንደሚያገለግል አሳየ። የዛሬው የዓይን ባንክ የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ማን ነው ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው? ብሌኑ በጠባሳ የነጣ፣ ያበጠ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ሰው። የዓይን ሞራ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ ከብሌኑ ኋላ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ሲሆን ብሌን መቀየርን አይፈልግም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያሳይ፣ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ በብሌን ላይ ባስከተለው ጠባሳ የተነሣ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶች ዘንድ የሚበዛው ሌላው ምክንያት ኬራቶኮነስ ነው፤ ብሌኑ ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ይወጣል። በዓይን አለርጂ የተነሣ ዓይንን አጥብቆ ማሸት ያባብሰዋል። ጊዜው ካላለፈ መነጽር፣ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ወይም ብሌኑን የሚያጠነክር ሕክምና ይበቃል።

ንቅለ ተከላ ሁሉንም አያድንም። የዓይን ነርቭ ወይም ሬቲና ከተጎዳ፣ ብሌኑ ቢቀየርም እይታ አይመለስም። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበት የትራኮማ ታማሚም በቅድሚያ እሱን ማስተካከል አለበት፤ አለዚያ ፀጉሩ አዲሱንም ብሌን ይቧጥጠዋል። አንዳንዶች እንደሚያስቡት ዓይን በሙሉ አይተከልም፤ የዓይን ቀለምም አይለወጥም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ሐኪሙ የብሌኑን ሙሉ ውፍረት ሊቀይር፣ የላይኛውን ክፍል ብቻ ሊተካ ወይም የውስጠኛውን ስስ ንጣፍ ብቻ ሊለውጥ ይችላል። ታካሚ የትኛው እንደሚደረግለት መጠየቅ አለበት፤ የማገገሚያው ጊዜ በዚህ ይለያያልና። ሙሉ ብሌን ሲቀየር ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል፤ ስፌቱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል እይታው የሚረጋው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የውስጠኛው ንጣፍ ብቻ ሲለወጥ በአየር ወይም በጋዝ አረፋ ተደግፎ ይጣበቃል፤ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ኮርኒሱን እያየ ይቆያል፤ እይታውም ቶሎ ይሻሻላል።

ይህ አረፋ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ከተማ ለሕክምና ናይሮቢ የመጣን ሰው በቀጥታ ይመለከተዋል። አውሮፕላን ከፍ ሲል አረፋው ይለጠጥና የዓይንን ግፊት እስከ አደጋ ያደርሳል። ሐኪሙ አረፋው ፈጽሞ መጥፋቱን ሳያረጋግጥ በኢምባካሲ በኩል መመለስ የለም፤ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የክትትል ቀጠሮዎችን መቁጠር ይሻላል።

በእኔ ግምት ታካሚዎች በጣም አሳንሰው የሚያዩት ይህንን ክትትል ነው። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቀን ያበቃል፤ የዓይን ጠብታው ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቀጥላል። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሰውነት ብሌኑን እንዳይገፋ ይከላከላል። ነገር ግን የዓይን ግፊት ከፍ ሊያደርግና ግላኮማ ሊያመጣ ስለሚችል በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ዓይኑ ስለተሻለው ብቻ ጠብታውን በራሱ ፈቃድ ያቆመ ሰው ብሌኑን አደጋ ላይ ይጥላል። ሰውነት ብሌኑን መግፋት የሚጀምረው ከዓመታት በኋላም ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ አራት ናቸው፦ መቅላት፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መደብዘዝና ሕመም። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ሙሉ ብሌኑ የተቀየረለት ዓይን የቀድሞ ጥንካሬውን አያገኝም፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ በምት ስፌቱ የነበረበት ቦታ ሊከፈት ይችላል። ብየዳና ብረት ሥራ ላይ ያለ ሰው መከላከያ መነጽሩን ማውለቅ የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት 12.7 ሚሊዮን ሰዎች ብሌን እንደሚጠብቁና ለ70 ፈላጊ የሚደርሰው አንድ ብሌን ብቻ መሆኑን ገልጿል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ይህን ጉድለት ከአገር ውስጥ ለመሙላት ነው። የአንድ ለጋሽ ሁለት ብሌኖች ለሁለት ሰዎች ይደርሳሉ፤ ለጋሹ ለኤች አይ ቪና ለጉበት ቫይረስ ይመረመራል፤ የሟቹም ገጽ አይበላሽም። መነጽር ማድረግም ሆነ የዓይን ሞራ መኖር ከልገሳ አያግድም። ብሌኑ ግን ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መነሣት አለበት። ስለዚህ ለመለገስ ቃል የገባችሁ ሁሉ ውሳኔያችሁን ዛሬውኑ ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ የዓይን ባንኩን ስልክ ቁጥርም እቤት ውስጥ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ለጥፉት።