ኮሸር፦ እውነት ወይስ ተረት?

በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ብዙ የታሸጉ ምግቦች ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ዩ» ፊደል ይታያል። ምግቡ በአይሁድ ሕግ መሠረት ኮሸር መሆኑን የሚያረጋግጥ ምልክት ነው። ስለ ኮሸር በየቤቱ የሚወራው ግን ብዙውን ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል። ወሬውን የሚያምን ሰው በቅን ልቡና ያዘጋጀውን ማዕድ እንግዳው ሳይነካው ሊሄድ ይችላል። እስቲ ተረቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ ኮሸር ማለት ራቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) የባረከው ምግብ ነው።

እውነታው፦ ቡራኬ ምግብን ኮሸር አያደርግም። ሕጉ የሚጠይቀው ምግቡ ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተዘጋጀና በምን ዕቃ እንደተበሰለ ነው። የራቢው ሥራ ቁጥጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የአትላንታው ራቢ ቶቢያስ ጌፈን ስለ ኮካ ኮላ ተጠየቁ። ኩባንያው ምሥጢር እንዲጠብቁ አስምሎ የግብዓቱን ዝርዝር አሳያቸው። ከግብዓቶቹ አንዱ፣ ግሊሰሪን፣ ከእንስሳት ስብ የተገኘ ሆነ። ኩባንያው ከዕፅዋት ዘይት በተሠራ ግሊሰሪን ከተካው በኋላ ነው ራቢው የፈቀዱት።

ተረት፦ ከአሳማ ከራቁ በቂ ነው።

እውነታው፦ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሁለት ምልክት ባንድነት ይጠይቃል፤ እንስሳው ሰኮናው የተሰነጠቀ መሆን አለበት፣ ማመስኳትም አለበት። አሳማ ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳም። ግመል ደግሞ ቢያመሰኳም የሰኮናውን ምልክት አያሟላም። ዓሣ ክንፍም ቅርፊትም ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ቆሮሶ ይፈቀዳል፣ ቅርፊት የሌለው አምባዛ ግን አይፈቀድም።

የተፈቀደ እንስሳም ቢሆን በአግባቡ ካልታረደ አይበላም። ሾኼት የሚባለው የሠለጠነ አራጅ የቢላዋውን ስለት ከማረዱ በፊትም በኋላም በጥፍሩ ጫፍ እየዳሰሰ ይፈትሻል። ስለቱ በትንሹም ተሸርፎ ከተገኘ ሥጋው ኮሸር አይሆንም። ደም መብላት ክልክል ስለሆነ ሥጋው ግማሽ ሰዓት በውሃ ይዘፈዘፋል፣ አንድ ሰዓት በደረቅ ጨው ተሸፍኖ ይቆያል፣ ከዚያም በደንብ ይታጠባል። ጉበት ደሙ ስለሚበዛ በእሳት ላይ መጠበስ አለበት። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤልም ኢትዮጵያ ሳሉ ከጎረቤቶቻቸው በተለየ ጥሬ ሥጋ አይበሉም ነበር።

ተረት፦ ሥጋና ወተት ባንድ ሰሃን ካልቀረቡ ችግር የለም።

እውነታው፦ ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን ሦስት ጊዜ ትከለክላለች። የአይሁድ ሊቃውንት ሕጉን አስፍተው ሥጋና የወተት ውጤት አብሮ ማብሰልንም መብላትንም አገዱ፤ ዶሮንም ከሥጋ ወገን ቆጠሩት። ስለዚህ በኮሸር ቤት ለሥጋና ለወተት የተለያየ ድስትና ሰሃን አለ። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ለመቅመስ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፤ ሦስት ሰዓት የሚጠብቁም አሉ። ለእኛ ማዕድ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዶሮው ኮሸር ቢሆንም ንጥር ቅቤ የገባበት ዶሮ ወጥ ኮሸር አይደለም። በዘይት ከተሠራ ግን፣ ድስቱም ኮሸር ከሆነ፣ እንቁላሉን ጨምሮ ይበላል፤ ዓሣ፣ እንቁላልና አትክልት ከሁለቱም ወገን አይደሉምና።

ተረት፦ የጾም ምግብ ሁሉ ኮሸር ነው።

እውነታው፦ ሽሮው ትናንት ቅቤ የበዛበት ጥብስ በተሠራበት ድስት ከተሠራ ድስቱ ራሱ ችግር ነው። ነፍሳት መብላት ስለተከለከለ ጎመኑም ቅጠል በቅጠል ታጥቦ መፈተሽ አለበት። ወይን ጠጅም ከወይን ፍሬ ብቻ ቢሠራ እንኳ የራሱ ጥብቅ ቁጥጥር አለው።

ተረት፦ ኮሸርና ሐላል አንድ ናቸው።

እውነታው፦ አሳማንና ደምን በመከልከል ይገናኛሉ። ግመል ግን በእስልምና ይፈቀዳል፣ በአይሁድ ሕግ አይፈቀድም። አልኮል በእስልምና ክልክል ሲሆን ኮሸር ወይን ጠጅ ግን የሰንበት ማዕድ አካል ነው። ሥጋን ከወተት የመለየት ሕግም በሐላል የለም።

ተረት፦ ሕጉ የወጣው ለጤና ነበር፤ ፍሪጅ ባለበት ዘመን አያስፈልግም።

እውነታው፦ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ሐኪም የነበሩት ሊቅ ማይሞኒደስ የጤና ምክንያት ጠቅሰዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱት ይስሐቅ አባርባኔል ግን ኦሪት የሕክምና መጽሐፍ አይደለችም ብለው ተቃወሙ። ኦሪት ራሷ በዚያው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የምትሰጠው ምክንያት ቅድስና ነው። ሕጉ የሚጠበቀው ለእምነት እንጂ ለሆድ ሕመም አይደለም፤ ስለዚህ ፍሪጅ አይሽረውም።

ኮሸር የሚጠብቅ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ የምትጋብዙ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ያልተቆረጠ ፍራፍሬ፣ ምልክት ያለበት የታሸገ ምግብና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ሰሃን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከድስታችሁ ባይቀምስም እናንተን መናቁ አይደለም፤ ሕጉን መጠበቁ ነው። ጾም የሚጠብቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረበ ነው።