«ልጄ አክሊል ብትደፋ…»

የቁንጅና ውድድር ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ በሁለት ጎራ እንከፈላለን። አንዱ ወገን «የባህል መበላሸት ነው» ብሎ ያወግዛል፤ ሌላው «ለልጆቻችን የተከፈተ በር ነው» ብሎ ያጨበጭባል። በዚህ ክርክር መሐል ግን እናትና ልጅ ይረሳሉ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት የእነሱን ነገር ነው።

እናትየው የሠፈሬ ሰው ናት፤ ስሟን ልተወው። ልጇ ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች፣ ጠዋት ለሱቅና ለምግብ ቤት ታከፋፍላለች፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ልብስ ታጥባለች። ልጅቷ አሁን 17 ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መንገደኛ ዞሮ የሚያያት መለሎ ልጅ ናት። አንድ ፎቶ አንሺ «ይህቺን ልጅ የቁንጅና ውድድር አስገቢያት» ካላት ወዲህ የእናትየው ሐሳብ ሁሉ እዚያው ላይ ሆነ።

«ሲስተር፣» አለችኝ፣ «እኔ የማወርሳት ቤት የለኝ፣ መሬት የለኝ። እግዜር የሰጣት መልኳን ነው። እሱ ከዚህ ጭስ ካወጣት ምን ክፋት አለው? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ዕቁብ ደርሷታል። ገንዘቡ መጀመሪያ ለልጅቷ ማጠናከሪያ ትምህርት ታስቦ ነበር፤ አሁን ለመመዝገቢያ፣ ለቀሚስ፣ ለተረከዛም ጫማና ለፎቶ ሊውል ነው።

ይህን ተስፋ በቀላሉ የምናጣጥለው አይደለም። ከአገራችን ልጆች በዚህ መንገድ የታወቁ አሉ። በ1996 ዓ.ም. ሐያት አህመድ በሚስ ወርልድ ውድድር የአፍሪካ ንግሥት ተብላለች። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሕንድ ሃይደራባድ ላይ በተደረገው የዚያው ውድድር ፍጻሜ ሃሴት ደረጀ አድማሱ ሁለተኛ ወጥታለች። በቁንጅና ውድድር ባይሆንም በሞዴልነት ስሟ የገነነው ሊያ ከበደ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆናለች። በእናቶች ክፍል ለሠራን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ሒሳቡንም እንሥራ። ሃይደራባድ ላይ የቀረቡት ተወዳዳሪዎች 108 ነበሩ፤ አክሊሉ አንድ ነው። እዚያ የደረሱት ደግሞ በየአገራቸው ብዙዎችን አልፈው ነው። የቤተሰብ ሙሉ ጥሪት በዚህ ላይ ከተጣለ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል።

ሰውነት ሲራብ

እናትየው ወደ እኔ የመጣችው ስለ ውድድሩ ልታማክረኝ አልነበረም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ነው። ጎረቤት «ዓይን ነው» ብሏታል። እኔ ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጬ ቁርስ ምን እንደበላች ጠየቅኋት። አልበላችም። ምሳስ? እሱንም ትታዋለች። ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ እየጠጣች ነበር የምትውለው። የወር አበባዋም ሁለት ወር ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር የደም ማነስ ተገኘባት።

ወላጆች ይህን ልብ በሉ። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ሰውነቷ ገና በመገንባት ላይ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው የአጥንት ጥንካሬ አብዛኛው የሚከማቸው በጉርምስናና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ምግብ በእጅጉ ሲጎድል ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል፤ የወር አበባ የሚቀረውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ለረጅም ጊዜ ከዘለቀ አጥንትን ያሳሳል። በየወሩ ደም የሚፈሳት ልጅ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ ሲጎድልባት ይደክማታል፣ ያዞራታል፣ ትምህርት አይገባትም።

መድኃኒቱ ሐኪም የሚያዝዘው ቢሆንም ምግቡ ከጓዳችን አይርቅም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ከተገኘም ሥጋ ይረዳል። ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ሎሚ ቢጨመር ብረቱ በደንብ ይዋሃዳል። ሻይና ቡና ግን ከገበታው ትንሽ ይራቁ፤ ብረቱ እንዳይዋሃድ ያደርጋሉና።

ሌላው ስጋቴ የፊት ማቅሊያ ቅባት ነው። በየመንገዱ ከሚሸጡት መካከል ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ መጀመሪያ ፊትን ያሳምርና ቆይቶ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲያቆሙትም ፊት ይቆጣል።

እዚህ ላይ አያቶችንም አንድ ነገር ልለምን። «ቀይዋ»፣ «ጥቁሯ»፣ «ወፍራሟ» እያልን በፍቅር የምንጠራቸው ስሞች ልጆቹ ጆሮ ውስጥ በፍቅር ብቻ አይገቡም። ልጅቷ መስተዋት ፊት ስትቆም የሚሰማት የእኛው ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ ምን ትላለች?

ይህን ጥያቄ የጠየቃት አልነበረም። ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና፣ «መድረክ ላይ መራመዱን እወደዋለሁ» አለችኝ። ቀጥላም «ግን ብሸነፍ እማዬ ምን ትሆናለች? የዕቁቡ ብር እኮ ነው» አለች።

ምግብ የከለከላት ይህ ሐሳብ ይመስለኛል። ልጅ በራሷ ፍላጎት ስትወዳደር ብትሸነፍም የሚጎዳው ስሜቷ ነው፤ ያ ደግሞ ይድናል። የእናቷን ድህነት ተሸክማ ስትወዳደር ግን ሽንፈቱ የቤተሰቡ ሁሉ ይሆንባታል። ለ17 ዓመት ትከሻ ይህ ይከብዳል።

ከመመዝገቡ በፊት

ልጃችሁ መወዳደር ብትፈልግ ዝም ብላችሁ አትከልክሉ፤ ዝም ብላችሁም አትፍቀዱ። ጠይቁ።

አንደኛ፣ ዕድሜ። በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አላደረሰም፤ ስለዚህ ማንኛውንም ውል ወላጅ ሳያነብ ልጅ ብቻዋን እንዳትፈርም። ሚስ ዩኒቨርስ እንኳ ከ18 ዓመት በታች የሆነችውን አይቀበልም። ጥቂት ወራት መጠበቅ በር አይዘጋም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። ማን ለማን ይከፍላል? ምዝገባ፣ ሥልጠና፣ ልብስ እየተባለ ክፍያ በየሳምንቱ የሚጨመር ከሆነ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ ሰዓት። ልምምዱ ከትምህርት ጋር ይጋጫል? ማታ ስንት ሰዓት ያልቃል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ይከለክላል። ውድድር ቅጥር ባይሆንም ለወላጅ ጥሩ መለኪያ ነው።

አራተኛ፣ አብሮ መገኘት። «እናት አትገባም» የሚባልበት ልምምድም ሆነ የፎቶ ቀጠሮ ይቅርባችሁ። ፎቶዎቹ የት እንደሚወጡና የማን ንብረት እንደሚሆኑ በጽሑፍ ጠይቁ። «ስፖንሰር አድራጊው ለብቻዋ ሊያነጋግራት ይፈልጋል» ወይም «ዱባይ ሥራ አለ፣ ፓስፖርት አውጪ» ከተባለ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አምስተኛ፣ ብትሸነፍስ? መልሱን ልጅቷ ከመድረኩ በፊት ከእናትዋ አፍ ትስማው።

እኛ ሠፈር የሆነው ይህ ነው። እናትና ልጅ ሁለት ምሽት ተነጋገሩ። መጀመሪያ ፈተናው እንዲያልፍ፣ የዕቁቡ ብር ወደ ማጠናከሪያ ትምህርቱ እንዲመለስ ተስማሙ። 18 ዓመት ሲሞላት አሁንም ከፈለገች ትወዳደራለች፤ ቀሚሱን ከዘመድ ይዋሳሉ። የታዘዘላትን ክኒን እየወሰደች ነው፤ ቁርስም ጀምራለች።

እናትየው ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችም። «ዕድሏ ቢያልፍስ ሲስተር?» አለችኝ ባለፈው። የሚያልፈው አንድ ውድድር ነው አልኳት፤ ውድድሩ በየዓመቱ ይመጣል፣ የ17 ዓመት ሰውነት ግን አንድ ጊዜ ነው የሚገነባው። ዝም አለች። ከዚያ ከሌማቱ ላይ አንድ እንጀራ አነሣችና ለልጇ ሽሮ ልታቀርብላት ገባች።