ከድንጋይ ሥር እስከ ስም፦ አንድ የመሬት ጥንዚዛ «አዲስ ዝርያ» የሚባለው እንዴት ነው?

ከዲላ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ይሸጋገራል። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማ ዙሪያ ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ቡናው ይቀርና እንሰቱ ይሰፋል፤ ከዚያም በላይ ገብስ የሚዘራበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛበት ቀዝቃዛ አገር ይከተላል። ይህ የደንና የእርሻ ቅይጥ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2023 «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስማቸው የተነሣው ዛፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትክል ድንጋዩና ይህን ሁሉ ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ ናቸው። ከቅጠል ብስባሽና ከድንጋይ ሥር የሚኖረው ፍጥረት ግን በቅርስ መዝገብ ላይ ለመታየት እጅግ ትንሽ ነው።

አንድ ተመራማሪ በዚህ ደጋ ድንጋይ ገልብጦ አራት ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያላት፣ ፈጣን ጥንዚዛ አገኘ እንበል። ጥንዚዛዋ ከዚህ ቀደም ሳይንሳዊ ስም ያልወጣላት ብትሆን እንኳ በተገኘችበት ዕለት «አዲስ ዝርያ» አትባልም። አዲስነቷ የሚታወቀው ከሚመስሏት ዝርያዎች ሁሉ ጋር ተነጻጽራ ስትለይ ነው፤ ይህም ከመስክ ሥራው ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቤተሰቧ ነው። በዓለም ዙሪያ ወደ 40,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘው የመሬት ጥንዚዛዎች ቤተሰብ፣ ካራቢዴ፣ በጥቂት ምልክቶች ይታወቃል። የኋላ እግር የመጀመሪያ አንጓ ወደ ኋላ ተዘርግቶ የሆዱን የመጀመሪያ ቀለበት ለሁለት ይከፍላል፤ አንቴናው እንደ ክር ቀጭንና ባለ 11 አንጓ ነው፤ በፊት እግሩ ቅልጥም ላይ ነፍሳቱ አንቴናውን የሚያጸዳበት ስርጉድ አለ። በራሷ ላይ፣ በዓይኖቿ ጎን ወደ ኋላ የሚጠመዘዙ ሁለት ጥልቅ ቦዮች ከታዩ ደግሞ ትሬኪኒ ከሚባለው ነገድ መሆኗ ይጠረጠራል። እስከዚህ ድረስ በማንኛውም የማስተማሪያ ቤተ ሙከራ በሚገኝ ማይክሮስኮፕ መድረስ ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች የሚኖሩ የዚህ ነገድ ጥንዚዛዎች በአብዛኛው መብረር አይችሉም። የበረራ ክንፋቸው ጠፍቷል፤ ጀርባቸውን የሚሸፍነው ጠንካራ የላይ ክንፍም ከሽፋንነት በቀር ሌላ አገልግሎት የለውም። ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳሉ፤ ሞቃቱን ቆላ በእግር አቋርጠው ወደሚቀጥለው ተራራ መሻገር አይሆንላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተራራ ለእነርሱ እንደ ደሴት ነው፤ በአንዱ ተራራ የሚገኘው ዝርያ በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። የጌዴኦ አቀማመጥም በዚህ በኩል ትርጉም አለው። ዞኑ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ የቡሌዋ ጥንዚዛ ዘመዶች በቅድሚያ የሚፈለጉት በባሌና በአርሲ በኩል ነው። ሆኖም ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ በጋሞ ጉጌ ተራራ ከተሰበሰቡት ጋር ሳትተያይ መወሰን አይቻልም፤ መልክዓ ምድር ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ዝምድናን አይፈርድም።

ይህን የሚያሳይ ምሳሌ ከሰሜን አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአውሮፓና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጋራ ባሳተሙት ጥናት፣ በጎጃም ከጮቄ ተራራ የተገኘች አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ባኤህሪያ ሴፓራታ ተብላ ተሰይማለች። አዲስ የሆነው ዝርያው ብቻ አልነበረም፤ ጥንዚዛዋ ከታወቁት ጂነሶች በአንዱም ሥር ልትመደብ ባለመቻሏ ባኤህሪያ የሚል አዲስ ጂነስ ወጥቶላታል። «ሴፓራታ» በላቲን «የተለየች» ማለት ነው። የዚሁ ጥናት ዋና ነጥብ በአገሪቱ ተራሮች ላይ የሚኖሩት የዚህ ወገን ጥንዚዛዎች አንድ ዓይነት ታሪክ እንደሌላቸው ማሳየቱ ነው፤ አንዳንዶቹ በፍጥነት ተባዝተው ወደ ብዙ ዝርያ የተከፋፈሉ ሲሆኑ ሌሎቹ ከጥንት የቀሩ ቅሪቶች ናቸው። ይህን ልዩነት መልክ ብቻውን አይናገርም፤ በቅዝቃዜ፣ በድንጋይ ሥር የሚኖሩ ፍጥረታት ዘራቸው ቢለያይም መልካቸው ይቀራረባልና ዲኤንኤ የግድ ያስፈልጋል።

በመሆኑም ናሙናው ሲሰበሰብ ገና የሚወሰን ነገር አለ። ለአስተማሪነት ሲባል በፎርማሊን የተዘፈቀ ጥንዚዛ ለዘረ መል ጥናት ከሞላ ጎደል የጠፋ ናሙና ነው፤ 96 በመቶ ኤታኖል ውስጥ የገባ ግን ለሁለቱም ሥራ ይሆናል። ሁለተኛው ነገር ፆታው ነው። እርስ በርስ የሚቀራረቡ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት የሚለዩት በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ይህ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ አካል በመርፌ ጫፍ ከሆድ ይወጣል፣ ይጸዳል፣ ከጎንና ከላይ ይሣላል። በላይ ክንፉ ላይ ያሉ ነጠላ ፀጉሮች ቁጥርና ቦታም ይመዘገባል። አንዲት ሴት ጥንዚዛ ብቻ ይዞ ከመስክ የተመለሰ ተማሪ እንግዲህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ ይዞ አልተመለሰም።

ከሁሉ የሚከብደው ማነጻጸሩ ነው። የእያንዳንዱ ዝርያ ስም ሆሎታይፕ ከሚባል አንድ ዋቢ ናሙና ጋር የተሳሰረ ነው፤ ስለ ስሙ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ያ ናሙና ነው። የትሬኪኒን ነገድ በሰፊው ያጠናው ፈረንሳዊው ሬኔ ዣኔል እ.ኤ.አ. በ1932 እና 1933 ወደ ኦሞ በተደረገው ጉዞ ተሳትፏል፤ ስብስቡ በፓሪስ ነው። እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት ከ1926 እስከ 1927 በኢትዮጵያ ደጋዎች፣ ከ1948 እስከ 1949 በጉጌ፣ ከ1952 እስከ 1953 በሰሜን ተራሮች ተዘዋውሯል፤ የሰበሰባቸው ነፍሳት በለንደን ይገኛሉ። የዲላ ተመራማሪ ከደጁ ያገኘውን ጥንዚዛ ለመለየት ደጁ ላይ የተሰበሰቡትን ነገር ግን በሩቅ አገር የተቀመጡትን ናሙናዎች ማየት ይኖርበታል። ጥራት ያለው ፎቶግራፍ መለዋወጥ ጉዞውን ቢያቀልልም የተሸፈነውን የመራቢያ አካል አያሳይም። ይህን ዘልሎ ስም ማውጣት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ በቀደምትነት ሕግ መሠረት ዝርያው አስቀድሞ ስም ካለው አዲሱ ስም ተጨማሪ ሸክም ሆኖ ይቀራል፤ የሚያጠራው የኋላ ትውልድ ነው።

ንጽጽሩ ካለቀ በኋላ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ይመጣል። ደንቡ መነሻውን ከሊኒየስ የ1758 እትም ያደርጋል፤ አራተኛው እትሙ ከ2000 መግቢያ ጀምሮ ይሠራበታል። ከ1999 በኋላ የሚታተም መግለጫ ስሙ አዲስ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ሆሎታይፑን ለይቶ ማመልከትና የሚቀመጥበትን ስብስብ መግለጽ አለበት። ከ2012 ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ዙባንክ በተባለው መዝገብ አስቀድሞ መመዝገብ ይጠበቅበታል። ብዙ ተማሪዎች የማይጠረጥሩት አንድ ነገር ግን አለ፦ ደንቡ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የሚያስገድደው ስሙን ብቻ ነው። መግለጫው በሰፊው በሚታወቅ ቋንቋ ቢሆን ይመክራል እንጂ በአማርኛ ስለተጻፈ ስሙን አይሽርም። ስሙ ላይ ምንም ዓይነት የድምፅ ምልክት ስለማይፈቀድ ግን «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» ልዩነታቸው ይደበዝዛል፤ ከጌዴኦኛ ወይም ከአማርኛ ቃል ስም የሚያወጣ ሰው ይህን ማሰብ ይኖርበታል። ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የሰያሚው ስም ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም ስለሚሆን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በአባቱ ስም ሲጠራ መኖሩም አይቀርም።

ናሙናው የሚቀመጥበት ቦታ የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ናሙና ከአገር ሲወጣ ፈቃድ ይጠይቃል። ሆሎታይፑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ቢቀመጥና ተጓዳኝ ናሙናዎቹ ወደ ውጭ ስብስቦች ቢላኩ የቀጣዩ ተማሪ መንገድ ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ያጥራል። ቀይ መለያ ወረቀት የሚሰቀልበት ያ አንድ ናሙና በደረቅ ሣጥን ውስጥ ከሻጋታና ከሌሎች ነፍሳት የሚጠበቅበት ቋሚ በጀትና ባለሙያ ግን ከፈቃዱ እኩል ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ የሚጻፈው፣ ብዙ ጊዜም በግዴለሽነት የሚጻፈው፣ የቦታ መለያው ነው። በድሮ ስብስቦች «ሲዳሞ» ብቻ የሚል ወረቀት የያዘ ጥንዚዛ ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ከየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ጌዴኦ የምንለው አካባቢ በዚያ ክፍለ ሀገር ሥር ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ኋላ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ዞን ሆነ፤ ከ2023 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ከፍታው በመቶዎች ሜትር በሚለዋወጥበት አገር ኬንትሮስና ኬክሮስ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢና የተገኘችበት ሁኔታ፣ ማለትም ከእንሰት ሥር፣ ከገብስ ማሳ ዳር ወይስ ከደን ድንጋይ ሥር መሆኑ፣ መጻፍ አለበት። ሁለተኛ ጉዞ የሚደረገው በዚህ ጽሑፍ ነው፤ በዝናብ ወራት፣ በዚያው ድንጋይ ዙሪያ፣ አፋቸው ከመሬት እኩል የተቀበሩ ኩባያዎች ይዞ ወንድ ጥንዚዛ ለመፈለግ።