ከመጋረጃው ወዲያ

አውሮፕላን ስትገቡ፣ በሰፋፊ ወንበሮች የተንጣለሉ ሰዎችን እያያችሁ ወደ ኋላ የምታልፉባትን ያቺን ግማሽ ደቂቃ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አንዱ ጫማውን አውልቋል፣ ሌላዋ ብርጭቆ ይዛለች። እናንተ ትከሻችሁ ላይ ቦርሳ፣ በእጃችሁ ደግሞ አክስታችሁ "ይቺን ብቻ" ብለው ያሸከሟችሁ በሶ። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው ይዘጋል። እኔም ለዓመታት ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ወዲያ ያለውን ስገምት ኖሬ፣ ያጠራቀምኩት ማይል ሲሞላልኝ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቢዝነስ ክላስ ተሻገርኩ። ስመለስ ጓደኞቼ ሁሉ የጠየቁኝ "ምን አበሉህ?" ብለው ነው። ስለ ምግቡም እነግራችኋለሁ፤ ትኬቱ እንደዚያ የተወደደው ግን በእንቅልፍ ምክንያት ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ቢዝነስ ክላስ ሲፈጠር አልጋ አልነበረውም፤ የተወለደው ከኩርፊያ ነው። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ አውሮፕላን ሁለት ክፍል ነበረው፦ ለባለጸጋው አንደኛ ማዕረግ፣ ለሌላው ኢኮኖሚ። ነጋዴው ዛሬ ተደውሎለት ነገ ስለሚበር ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ጎኑ የተቀመጠው ሽርሽረኛ ደግሞ ከወራት በፊት በቅናሽ የገዛ ነው። ወንበሩ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ የሚያለቅሰው ሕፃንም አንድ። ነጋዴው አኮረፈ። የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም እ.ኤ.አ. በ1976 ሙሉ ዋጋ የከፈሉትን ከፊት ለይቶ ማስቀመጥ ጀመረ። በ1978 የአሜሪካው ፓን አም "ክሊፐር ክላስ" ብሎ መጣ፤ በ1979 ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ "ቢዝነስ ክላስ" የሚለውን ስም ይዞ ወጣ። ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ ወደ ቢዝነስ ክላስ የገባው በ2000 በብሪቲሽ ኤርዌይስ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኳታር አየር መንገድ ወንበሩ ላይ የሚዘጋ በር ገጠመለት። በአርባ ዓመት ውስጥ ከመጋረጃ ወደ መኝታ ክፍል ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንበሩ። "ቢዝነስ" የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም፤ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ወንበሩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ይላል ወይስ ዘመም ብሎ ይቀራል? ዘመም የሚለው አሮጌው ዓይነት ሲታይ አልጋ ይመስላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ቀስ እያላችሁ ወደ እግራችሁ ትንሸራተታላችሁ። ሁለተኛው የወንበሮቹ አደራደር ነው። ሁለት–ሁለት–ሁለት ከሆነ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ለሽንት ሲነሳ የተኛውን ጎረቤቱን መሻገር አለበት። ይሉኝታ ለሚያጠቃን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎኔ የተኙት አንድ አዛውንት ነበሩና እሳቸውን ከመቀስቀስ ሦስት ሰዓት መቻልን መረጥኩ። አንድ–ሁለት–አንድ ከሆነ ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ትኬት ስትቆርጡ የወንበሩን ካርታ ከፍታችሁ በሁለቱ መተላለፊያዎች መካከልና በመስኮቶቹ በኩል ስንት ስንት ወንበር እንዳለ ቁጠሩ፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ዋጋው ከኢኮኖሚው ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት እጥፍ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ወለል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ኤርባስ ኤ350-1000 የተረከበው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላኑ 395 ወንበር አለው፤ ከዚያ ውስጥ ቢዝነሱ 46 ብቻ ነው። አንድ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት ቦታ ላይ በርከት ያለ ሰው መቀመጥ ይችል ነበር፤ የከፈላችሁትም እነዚያ ያልተቀመጡት ሰዎች ሊከፍሉት የነበረውን ነው። ሻምፓኙ፣ ካልሲው፣ ቅባቱ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምርቃት ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ታሪክ ግን የራሳችን የቦሌ ነው። ከዋሽንግተን ስትመጡ በቀጥታ፣ ወደ 13 ሰዓት ገደማ በርራችሁ ቦሌ ታርፋላችሁ። ስትሄዱ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ይቆማል፤ ድሮ ሮም፣ ቆየት ብሎ ደብሊን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሎሜ። ያው አውሮፕላን፣ ያው መንገድ፣ ለምን? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያጣሉ፤ ስለዚህ ሰው፣ ጭነትና አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ በአንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት አይቻልም። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ መቶ ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዚያ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። ነፋሱም ከጀርባ ይገፋዋል።

ከፍታ ካነሳን አይቀር አንዲት ነገር ልጨምር። አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ውስጡ የሚሞላው አየር የተራራ አየር ያህል ነው፤ በቆዩት አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ይሆናል። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ግን ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ አድርገውታል፤ ይህ የባሕር ዳር ከተማ ከፍታ ነው። እንግዲህ ከቦሌ በ787 ስትነሱ፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ ሰውነታችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ቁልቁል እየወረደ ነው ማለት ነው። ይህንን ባወቅኩ ቀን ለማን ልንገር ብዬ ተቁነጥንጬ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ የምሰጣችሁ ምክር አንድ ነው። ገንዘባችሁ ወይም ማይላችሁ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በመሄጃው ላይ አውጡት። የዋሽንግተኑ በረራ ከቦሌ የሚነሳው በምሽት ነው። ጉዞው ከነዳጅ ማቆሚያው ጋር ይረዝማል፤ ስትደርሱ እዚያ ማለዳ ነው፤ ቀኑ ገና ከፊታችሁ ነው። ያን ሌሊት ተኝቶ ማደርና ተቀምጦ ማደር ሰማይና ምድር ናቸው። ስትመለሱ ግን ከዋሽንግተን የምትነሱት ረፋድ ላይ ነው፤ አብዛኛው ጉዞ ለሰውነታችሁ ገና ቀን ነው። እንቅልፍ በማይመጣበት ሰዓት አልጋ መግዛት፣ ለእኔ፣ በጾም ቀን ክትፎ እንደማዘዝ ነው።

ስለ ምግቡ ቃል ገብቻለሁ። የሉፍታንሳ ሰዎች ተሳፋሪዎቻቸው አየር ላይ የቲማቲም ጭማቂ ከቢራ ባልተናነሰ እንደሚጠጡ አስተውለው ገረማቸውና የጀርመኑን ፍራውንሆፈር ተቋም አስጠኑ። ተቋሙ ሰዎችን በአውሮፕላን አካል ውስጥ አስቀምጦ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ አስቀመሳቸው። ጨውና ስኳር ደበዘዙ፤ የቲማቲሙ ጣዕም ግን ምድር ላይ ካለው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ደረቁ አየር አፍንጫን ያደርቃል፣ ያለ አፍንጫ ደግሞ ምላስ ብቻዋን ብዙ አታውቅም። ስለዚህ በፊት ክፍል በሸክላ ሳህን የሚመጣው ለስላሳ የፈረንጅ ምግብ ብዙ ጊዜ አልጫ ነው። በርበሬና ቅመም ግን አይበገሩም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ክላውድ ናይን በሚለው ቢዝነስ ክላሱ እንጀራ በወጥ ሲያቀርብ፣ አገር ማስተዋወቁ እንዳለ ሆኖ፣ ለደነዘዘ ምላስም ትክክለኛውን መድኃኒት ነው የሚያቀርበው። በሌላ አገር አየር መንገድ የምትበሩ ጿሚዎች ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት "ቪ-ጂ-ኤም-ኤል" የሚባለውን ምግብ እዘዙ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም ሆነ የወተት ተዋጽኦ የለበትም። የአስተናጋጇን "ቬጂቴሪያን ነው" ብቻ አምናችሁ ቺዝ እንዳይገጥማችሁ።

አሁን ደግሞ የቢዝነስ ትኬት የያዘ ሰው በረራውን ወደሚጠብቅበት ወደ ላውንጅ እንግባ። የመጀመሪያው የአየር መንገድ ላውንጅ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ ላጓርዲያ የተከፈተው የአሜሪካን ኤርላይንስ "አድሚራልስ ክለብ" ነው፤ ያኔ የሚገባው በግብዣ ብቻ ነበር። ዛሬ ትልልቆቹ ከተማ ያክላሉ። ዶሃ ያለው አል ሙርጃን 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ ውኃ ተንጣልሎበታል። ኢስታንቡል ላይ የቱርክ ምግብ አብሳዮች ፊት ለፊታችሁ ሊጥ እየዳመጡ ይጋግራሉ፤ ሻወርም አለ። ቦሌ ላይ ጀበና ተጥዶ ቡና ይቀዳል፤ በትራንዚት የሚያልፈው የሌላ አገር ሰው ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሸት ማየት ብቻውን ደስ ይላል። የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ ግን በላውንጅ ውስጥ ያለ ትልቁ ሀብት ሻወሩ ነው። ከአሥር ሰዓት በረራ በኋላ ሙቅ ውኃ ከሚያገኝ ሰውና ለሦስተኛ ጊዜ ቡፌ ከሚነሳ ሰው ማን እንደተጠቀመ ፊታቸው ይነግራችኋል። ቡፌው ግን ሰው ያሳብዳል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ጋዜጦች እንደጻፉት፣ ቻይና ውስጥ አንድ ሰው የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ገዝቶ፣ ላውንጅ ገብቶ በልቶ፣ የበረራውን ቀን ይቀይራል፤ በነጋታው ደግሞ ይመጣል። በዓመት ውስጥ 300 ጊዜ ያህል ይህን አደረገ። ሲነቃበት ትኬቱን መልሶ ሙሉ ገንዘቡን ወሰደ።

ላውንጅ ለመግባት የግድ ቢዝነስ መግዛት አያስፈልግም፤ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ይህንን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ሸባ ማይልስ በሚባለው የአየር መንገዱ የማይል ማጠራቀሚያ የወርቅ ደረጃ የደረሰ ሰው በኢኮኖሚ እየበረረም ቢሆን በኅብረቱ ላውንጆች ይስተናገዳል፤ አየር መንገዱ የራሱ ላውንጅ በሌለበት ከተማ የአጋሮቹን መጠየቅ ነው። በየዓመቱ አገር ቤት የምትመላለሱ፣ ማይላችሁን ሳታስመዘግቡ ስንት ዓመት በነጻ እንደሸለማችኋቸው አስቡት! ለቤተሰቡ በሙሉ፣ ለልጆቹም ጭምር፣ አባልነት መክፈት ክፍያ የለውም። ወንበሩንም ቢሆን ብዙ አየር መንገዶች በረራው ሲቃረብ ባዶ የቀረውን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ኢሜይላችሁን ተመልከቱ፣ ዝቅ ካለው ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት መቆምና ትራንዚት የተለያዩ ናቸው። ለነዳጅ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪው ከአውሮፕላኑ አይወርድም፤ ስለዚህ "ደብሊን ላይ ላውንጅ ገብቼ ሻወር እወስዳለሁ" ብሎ ያቀደ ሰው ቁጭ ብሎ ከመስኮቱ ዝናብ ያያል። አውሮፕላን ስትቀይሩ ግን ሰዓቱ የእናንተ ነው። ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ለላውንጅ አትሩጡ፤ ትልልቆቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከአንዱ ጌት ወደ ሌላው በእግር ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ። አራትና አምስት ሰዓት ከሆነ መጀመሪያ ሻወሩን አስመዝግቡ፣ ወረፋ አለው፤ ቡናው ከዚያ ይደርሳል።

ደግሞም ብዙ ላውንጅ ውስጥ የበረራ ጥሪ አይሰማም፤ ጸጥታውም የተሸጠላችሁ ዕቃ ነው። እኔ በአንዱ ውስጥ ሶፋ ላይ ሸለብ አድርጎኝ፣ የቀሰቀሰችኝ ወለል የምትጠርግ ሴት ነበረች፤ ጌቱ ሊዘጋ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶት። ጋደም ከማለታችሁ በፊት የስልካችሁን ማንቂያ በቦርዲንግ ፓሱ ላይ በተጻፈው የመሳፈሪያ ሰዓት ሙሉት፤ ስልኩም የደረሳችሁበትን አገር ሰዓት መያዙን እዩ።