«የእኔ ደም አይቀበለውም!» እውነት ነው?

ወጣቶችን ሳወያይ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ቫይረሱ ካለባት ልጅ ጋር ያለ ኮንዶም ቆይቶ ነፃ የሆነ ሰው አውቃለሁ። ደሙ አይቀበልም ማለት ነው?» እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ ግን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ኤች አይ ቪ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት በሴሉ ገጽ ላይ ሁለት ፕሮቲኖችን መያዝ አለበት። መጀመሪያ ሲዲ 4ን፣ ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር 5ን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ ከእናትም ከአባትም የጎደለ የሲሲአር 5 ዘረ-መል የወረሱ ሰዎች ሴላቸው ላይ ይህ ፕሮቲን የለም። ስለዚህ ቫይረሱ እነሱን መያዝ በጣም ይከብደዋል። ሆኖም በሌላ ፕሮቲን የሚገባ የቫይረስ ዓይነት ስላለ እነሱም ሙሉ ዋስትና የላቸውም።

ይህ ዘረ-መል በሰሜን አውሮፓውያን ላይ ይታያል፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ታዲያ ያ ልጅ እንዴት ተረፈ? ቫይረሱ በእያንዳንዱ ግንኙነት አይተላለፍም፤ ነገር ግን አንዴም ይበቃል። ወይም ልጅቷ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስድ ይሆናል፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በወሲብ አያስተላልፍምና።

የኤች አይ ቪ ምርመራ መያዝ አለመያዛችሁን እንጂ ደማችሁ «አይቀበልም» ብሎ አይነግራችሁም። ስለዚህ በደማችሁ አትመኩ፤ ተመርመሩ፣ ኮንዶም ተጠቀሙ!