ራሱ የማይጻፍ፣ ጭራው የታወቀ ቁጥር

የፊቦናቺን ድርድር ለመጻፍ መደመር መቻል ይበቃል። 1 እና 1 ተብሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ የቀደሙት የሁለቱ ድምር ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21። ፊቦናቺ የሚባለው የፒዛው ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1202 «ሊበር አባቺ» በተባለው መጽሐፉ የጥንቸሎችን መራባት ያሰላው በዚህ ነው። 

መደመሩን ትተን ብናባዛስ? ከ2 እና ከ2 እንነሳ፦ 4፣ 8፣ 32፣ 256፣ 8,192፣ 2,097,152። አስራ አንደኛው ላይ ስንደርስ 618,970,019,642,690,137,449,562,112 ሆኗል። እያንዳንዳቸው ከ2 በቀር ሌላ ነገር የለባቸውም። 2 ስንት ጊዜ እንደገባ ስንቆጥር 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያለ ያው ፊቦናቺ ብቅ ይላል። አስራ አራተኛው ቁጥር 114 አሃዝ አለው። በሚታየው ጠፈር ውስጥ ያሉት አተሞች በሙሉ ተደምረው 80 አሃዝ ገደማ ባለው ቁጥር ይገመታሉ።

ለእኔ ግን ከዚህ የባሰው የፊቦናቺን ድርድር መልሶ ለራሱ ማጉረስ ነው። 10ኛው ቁጥር 55 ነው፤ እንግዲያው 55ኛውን እንፈልግ፦ 139,583,862,445። 20ኛው 6,765 ነው፤ 6,765ኛው ደግሞ 1,414 አሃዝ አለው። 30ኛው 832,040 ሲሆን በዚያ ተራ ላይ የተቀመጠው ቁጥር ከ173 ሺህ አሃዝ ያልፋል።

አሁን 100ኛውን እንውሰድ፦ 354,224,848,179,261,915,075። አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። በዚህ ተራ ላይ የሚገኘው ቁጥር ግን 74 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ገደማ አሃዝ አለው። ልብ በሉ፣ ይህ የአሃዞቹ ብዛት እንጂ ቁጥሩ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ሚሊዮን አሃዝ ይይዛል ቢባል 74 ትሪሊዮን መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ በምድር ላይ ላለው 8 ቢሊዮን ሰው ቢታደል ለነፍስ ወከፍ ከ9 ሺህ በላይ ይደርሳል። በሰከንድ አንድ አሃዝ የሚጽፍ ሰው ሥራውን የሚጨርሰው ከ2 ትሪሊዮን ዓመት በኋላ ነው። የዩኒቨርስ ዕድሜ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው።

ሆኖም ይህ ተጽፎ የማያልቅ ቁጥር በ8050 ያበቃል። ይህን ለማወቅ እርሳስና ወረቀት በቂ ነው።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ የድምሩን የመጨረሻ አሃዝ የሚወስኑት የሁለቱ የመጨረሻ አሃዞች ብቻ ናቸው። ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ሊሰለፉ የሚችሉት በ100 መንገድ ብቻ ስለሆነ ድርድሩ ይዋል ይደር እንጂ የቀድሞውን ጥንድ ማግኘቱ አይቀርም። የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1774 እንዳስተዋለው የመጨረሻው አሃዝ በየ60 እርምጃው ዞሮ ይገጥማል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በየ300፣ ሦስቱ በየ1,500፣ አራቱ በየ15,000 ይመለሳሉ። ስለዚህ ያን ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ለ15,000 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 75 ይሆናል። 75ኛው የፊቦናቺ ቁጥር 2,111,485,077,978,050 ነው፤ የመጨረሻ አራት አሃዞቹም የዚያ ግዙፍ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች ናቸው።

አምስተኛውን ለሚፈልግ ዑደቱ 150,000፣ ቀሪው 15,075 ነው። 15,075ኛው ቁጥር 3,151 አሃዝ ብቻ ስላለው ተራ ኮምፒዩተር ወዲያው ያወጣዋል።